የሻወር ቤት ሻጋታን ማስለቀቅና እንዳይመለስ ማድረግ፦ ለጎጃም ክረምት የሚሆን መመሪያ

ትኩስ እንጀራ ከምጣድ አውጥቶ ወዲያው መሶብ ውስጥ የሚከድን ባለሙያ የለም። መጀመሪያ ሰፌድ ላይ ይዘረጋል። እንፋሎቱ ይወጣለታል። ከዚያ ይከደናል። ካልሆነ መሶቡ ያልበዋል፤ በሁለት በሦስት ቀን እንጀራው ሻጋታ ይዞ ይገኛል። ይህን ሁላችንም ከእናቶቻችን ተምረነዋል። ሻወር ቤታችን ላይ ግን ተቃራኒውን እናደርጋለን። በሙቅ ውሃ ታጥበን በሩንም መስኮቱንም ጥርቅም አድርገን እንወጣለን። ከዚያ ግድግዳው ለምን ጠቆረ ብለን እንጨነቃለን።

እኔ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው፣ በኪራይ ቤት። ከተማዋ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ ብርድ ነው። ሻወር ቤቷ ከዋናው ቤት ጀርባ የተቀጠለች ጠባብ ክፍል ስትሆን ፀሐይ አያገኛትም። ሦስት ክረምት ከሻጋታ ጋር ታግዬባታለሁ። በመጀመሪያው ክረምት በበረኪና ፈትጌ አጸዳሁ፤ በወሩ ተመለሰ። በሁለተኛው ዓመት ጳጉሜን ላይ፣ ለእንቁጣጣሽ ቤቱ ይመር ብዬ በላዩ ቀለም አስቀባሁበት። ጥቅምት ሳይጋመስ ቀለሙ እንደ ቅርፊት ተላጠና ጥቁሩ ከሥሩ ብቅ አለ። አብራኝ የምትኖረው የእህቴ ልጅ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ታስል፣ ታነጥስ ጀመር።

በሦስተኛው ክረምት ብሩሹን አስቀምጬ፣ ዝናብ እየጣለ ወጥቼ የቤቱን ጀርባ አየሁ። አሸንዳው መገጣጠሚያው ላይ ተላቋል። የጣሪያው ውሃ በሙሉ የሚወርደው የሻወር ቤቷ ግድግዳ ላይ ነበር።

አሸንዳው ከተጠገነ በኋላ አብዛኛው ሻጋታ አልተመለሰም። የቀረውን መስኮት መክፈት ጨረሰው። ስለዚህ ይህን መመሪያ ከማጽጃ አልጀምርም፤ ከውሃው እጀምራለሁ። የሻጋታ ዘር በዓይን የማይታይ ደቃቅ ነገር ነው፤ በማንኛውም ቤት አየር ውስጥ አለ፣ ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። የሚበላውም አያጣም። የሳሙና ቅሪት፣ የሰውነት እድፍ፣ አቧራ፣ እንጨት ይበቃዋል። እኛ ልንከለክለው የምንችለው ውሃውን ብቻ ነው። አንድ ነገር ርሶ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይደርቅ ከቆየ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ በዚህች ጊዜ ውስጥ ማድረቅ ስለመቻል ነው።

መጀመሪያ፦ ሻጋታ መሆኑን አረጋግጡ

ሻጋታ ጥቁር፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ ሆኖ ይጀምርና እየሰፋ ይሄዳል። ሽታ አለው፤ እርጥብ ልብስ ተጠቅልሎ ሲከርም የሚሸተው ዓይነት። ከእሱ ጋር የሚምታቱ ሁለት ነገሮች አሉ።

አንደኛው ግድግዳ ላይ የሚወጣ ነጭ ዱቄት ነው። እሱ ብዙ ጊዜ ጨው ነው። ውሃ በስሚንቶው ወይም በብሎኬቱ ውስጥ አልፎ ሲደርቅ ጨዉን ላዩ ላይ ጥሎት ይሄዳል። መለየቱ ቀላል ነው፦ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጨው ከሆነ ይሟሟል። ሻጋታ ከሆነ ይጨፈለቃል እንጂ አይሟሟም። ጨው ቢሆንም ግን ግድግዳው ውስጥ ውሃ እየሄደ መሆኑን ነግሯችኋልና አትናቁት።

ሁለተኛው ሻወሩ ሥርና የፍሳሽ መውጫው ዙሪያ የሚታየው ሮዝ የሚያዳልጥ ነገር ነው። እሱ ባክቴሪያ ነው። በሳሙናና በብሩሽ ይለቃል፤ እርጥበቱ ካልቀነሰ እሱም ይመለሳል።

ጥቁር ሻጋታ ሁሉ መርዛም ነው ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ቀለሙን አይቶ ዓይነቱን መለየት አይቻልም። ጥቁርም ሆነ አረንጓዴ የሚደረግለት ነገር አንድ ነው፦ ማስለቀቅና ማድረቅ።

ቀጥሎ፦ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ

ይህ ክፍል ጊዜ ይወስዳል። ብትዘሉት ግን እንደኔ ሁለት ዓመት ትደክማላችሁ።

ሻጋታው ያለበትን ቦታ እዩ። ከላይ ጥጉ ላይ፣ ኮርኒሱ ላይና መስኮቱ ዙሪያ ተበትኖ ከሆነ ምንጩ የሻወሩ እንፋሎት ነው። ኮርኒስ ላይ ጠርዙ ቡናማ የሆነ ክብ ነገር ካያችሁ ጣሪያው ያፈስሳል። በቆርቆሮ ቤት ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ሚስማሩ ዘንድ ነው፤ ሚስማሩ ይላላል፣ ዙሪያው ይከፈታል። ከወለሉ ተነስቶ ጉልበት ድረስ ወይም ከዚያ በታች እንደ ቀበቶ የዞረ ከሆነ ደግሞ ውሃው ከመሬት እየተሳበ ነው፣ ወይም ከውጭ ዝናቡ ከመሬት እየነጠረ ግድግዳውን ይመታዋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ በቧንቧ መስመር አጠገብ ከሆነ ቧንቧውን ጠርጥሩ።

ቧንቧን ለመጠርጠር ጥሩ ማጣሪያ አለ። ማታ ስትተኙ ሁሉንም ቧንቧ ዝጉና የውሃ ቆጣሪውን ቁጥር ጻፉ። ሌሊት ማንም ውሃ አይክፈት። ሮቶ ካላችሁም ሞልቶ መጨረሱን አረጋግጡ። ጠዋት ቆጣሪው ቁጥር ጨምሮ ካገኛችሁት የሆነ ቦታ ይፈስሳል። ይህ የሚሠራው ሌሊት የመስመር ውሃ ባለበት ቀን ብቻ ነው።

ግድግዳው ራሱ እርጥብ ነው ወይስ አየሩ ነው የሚያረጥበው የሚለው ካጠራጠራችሁ ወፈር ያለ ፌስታል ቅደዱ። አንድ ክንድ ያህል የሚሆነውን ግድግዳው ላይ ለጥፋችሁ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጉት። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ እዩት። ጠብታው ከፌስታሉ በስተጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ካለ ውሃው ከግድግዳው ውስጥ ይወጣል። በእናንተ በኩል ካለ አየሩ ነው። እኔ ይህን ያደረግሁት አሸንዳውን ካየሁ በኋላ ለማረጋገጥ ነበር። ፌስታሉ ጀርባ ላይ ውሃው ተንቆርዝዞ ነው ያገኘሁት።

ከሁሉ በፊት ግን ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ቤታችሁን አንድ ጊዜ ዙሩት። አሸንዳው ሞልቶ ይፈስሳል? ከጎረቤት ጣሪያ የሚወርድ ውሃ አለ? ግድግዳው ሥር ውሃ ይቆማል? አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የሚፈጀው፤ እኔ ግን ሦስተኛው ክረምት ድረስ አላደረግሁትም።

ከማጽዳታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ይህን እጅ ይዤ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። በረኪና ከአቼቶ ጋር፣ ከሎሚ ጋር፣ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ሳንባ ያቃጥላል። አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋርም ሌላ መርዛማ ጋዝ ይሠራል። ከአልኮልም ጋር አይሆንም። ብዙ ሰው «ሲደባለቅ ይበረታል» ብሎ ጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ በር ዘግቶ ይቀላቅላል። አታድርጉት። ትናንት በአሲድ ያጠባችሁትን ወለል ዛሬ በበረኪና ከማጠባችሁ በፊት እንኳ በብዙ ውሃ አለቅልቁት።

ጓንት አድርጉ። ዓይናችሁን በመነጽር ሸፍኑ። ማስክ አድርጉ፤ ኤን-95 ካገኛችሁ እሱ ይሻላል። መስኮቱን ክፈቱ፣ ወደ ቤት የሚያስገባውን በር ግን ዝጉ። ፎጣና የጥርስ ብሩሽ ከክፍሉ አውጡ። አስም ያለበት፣ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር፣ የሰውነት መከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ይህን ሥራ አይሥራ፤ በሥራው ሰዓትም እዚያ አካባቢ አይሁን።

መጠኑንም እዩ። ሻጋታው ጠቅላላው ከ1 ካሬ ሜትር ብዙ ካልበለጠ ራሳችሁ ልታጸዱት ትችላላችሁ። ከዚያ እጅግ ከሰፋ፣ ወይም የሽንት ቤት ፍሳሽ ፈስሶ ያረጠበው ከሆነ በግንባታና በጥገና የሰለጠነ ሰው ጥሩ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ የደረቀ ሻጋታ በመጥረጊያ አትጥረጉ፣ በደረቁም አትፋቁ። ዘሩ ክፍሉን ሞልቶ ሳንባችሁ ውስጥ ይገባል። ሁልጊዜ መጀመሪያ አርጥቡት።

ማጽዳቱ

ሴራሚክ፣ መስታወት፣ ብረትና ፕላስቲክ ቀላሎቹ ናቸው፤ ሻጋታው ላያቸው ላይ እንጂ ውስጣቸው አይገባም። ለብ ባለ ውሃ ላርጎ ወይም ኦሞ በጥብጡና በብሩሽ ፈትጉት። በሴራሚኩ መካከል ላለው የስሚንቶ መስመር ያረጀ የጥርስ ብሩሽ የሚያህል የለም። ሽቦ አትጠቀሙ፤ ሴራሚኩን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥ ደግሞ እድፍና ሻጋታ ይደበቃል። ፈትጋችሁ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። ሥራው በአብዛኛው የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው።

ጥቁሩ ቅሪት አልለቅ ካለ በረኪና አምጡ። 5 በመቶ አካባቢ ለሆነው የተለመደ በረኪና ልኩ ለ1 ሊትር ውሃ ከ60 ሚሊ ሊትር ያልበለጠ ነው፤ አንድ የቡና ሲኒ ገደማ ማለት ነው። በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጡት። ሙቅ ውሃ ኃይሉን ይቀንሰዋል፣ ሽታውንም ያብሰዋል። ቀቡት፣ 10 ደቂቃ ያህል እርጥብ ሆኖ ይቆይ፣ አለቅልቁት፣ በደረቅ ጨርቅ አድርቁት። የተረፈውን ድፉት፤ የተበጠበጠ በረኪና ለነገ አይሆንም። ፀሐይ ያየ ወይም ከርሞ የቆየ በረኪናም ኃይል የለውም። በውሃ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ግን በፍጹም አታስቀምጡ፤ ልጅ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል።

የበረኪና ሽታ የሚከብዳችሁ አቼቶ ተጠቀሙ። ሳትበርዙት ቀቡት፣ 1 ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ከዚያ ፈትጋችሁ እጠቡት። እብነ በረድና ቴራዞ ወለል ላይ ግን አቼቶም ሎሚም አታፍስሱ፤ አሲዱ ድንጋዩን ይበላዋል። ደግሜ እላለሁ፣ ወይ አቼቶ ወይ በረኪና፤ በአንድ ቀን ሁለቱን አይደለም።

ሲሊኮን ያስቸግራል። መታጠቢያ ሳህኑና ግድግዳው የሚገናኙበት ላይ ያለው ነጭ ላስቲክ መሳይ ነገር ማለቴ ነው። ሶፍት ጠቅልላችሁ በተበጠበጠው በረኪና ንከሩና ጥቁሩ ላይ አጋድሙት። አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት፣ መስኮቱ ክፍት ይሁን። ከነጣ ጥሩ። ካልነጣ ሻጋታው ውስጡ ገብቷልና አትድከሙበት። በምላጭ ቆርጣችሁ ሙሉ በሙሉ አውጡት፣ ቦታውን አጽዱ፣ 1 ቀን አድርቁት፣ ከዚያ ለሻወር ቤት የሚሆን አዲስ ሲሊኮን ሙሉበት። አዲሱ እስኪጠነክር ሌላ 1 ቀን ውሃ አይንካው። እርጥብ ቦታ ላይ የተሞላ ሲሊኮን አይያዝም፤ ከሥሩ ውሃ ይቋጥርና መልሶ ይጠቁራል።

ልስንና ቀለም ላይ በረኪና የሚሠራ ይመስላል እንጂ ብዙ አይረዳም። ቀለሙን ያነጣዋል፤ ውሃው ግን ወደ ልስኑ ውስጥ ገብቶ እርጥበት ይጨምርለታል። እዚህ በሳሙና በራሰ ጨርቅ ጥረጉ፣ ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ፣ ወዲያው አድርቁ። ቀለሙ ከተነሳ አርጥባችሁ ፍቁት። ሥሩ ያለው ስታኮ ከላላ እሱም ይውጣ። ግድግዳው ሳይደርቅ አዲስ ስታኮ ወይም ቀለም አይግባበት። ሻጋታ ላይ የተቀባ ቀለም ምን እንደሚሆን የኔን አይታችኋል።

ኮርኒሱ አቡጀዲ ከሆነ አውርዱት፣ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አስጡት። ችፑድ ከሆነና ርሶ ካበጠ ማጽዳት አይጠቅምም። አውጡትና ቀይሩት። እንዲህ ያለ ነገር ውስጡ ድረስ ይሻግታልና ላዩን ማጽዳት ብቻ ይሆናል። የሻወር መጋረጃ በኦሞ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። በጣም ካረጀ አዲስ መግዛቱ ይሻላል።

ቤታችሁ የጭቃ ከሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ርሶ ይደርቃል። በላዩ ስሚንቶ ሲለሰንበት መተንፈሻ ያጣል። ከመሬት የሳበው ውሃ መውጫ አጥቶ ስሚንቶው ሥር ይቀመጣል፣ ስሚንቶው ይሰነጠቃል፣ ጭቃው ከውስጥ ይበሰብሳል። የሻገተውን ጭቃ ትንሽ ውሃ ረጭታችሁ ፍቁና አውጡት። በበጋ በጭድ በታሸ ጭቃ መልሱት፣ ኖራ ቀቡት። መታጠቢያው ከግድግዳው ራቅ ብሎ ውሃው ወለል ላይ ብቻ የሚወርድበትን መንገድ ፈልጉ። ግድግዳው ላይ የሚረጨውን የሚመልስ ላስቲክ ወይም ቆርቆሮ ከግድግዳው ጣት ያህል አርቆ መስቀልም ይረዳል፤ በመካከሉ አየር ይለፍበት።

ክረምት ላይ መስኮት ይከፈታል ወይ?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ውጭው ራሱ ውሃ ነው፣ ብከፍት እርጥበቱን አስገባለሁ» ይላሉ። እኔም እንደዚያ አስብ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞቃት አየር ብዙ ውሃ ይሸከማል፣ ቀዝቃዛ አየር ጥቂት። 10 ዲግሪ የሆነ አየር፣ ጭጋግ ቢሆን እንኳ፣ በ1 ሜትር ኩብ ውስጥ መያዝ የሚችለው 9 ግራም ያህል እንፋሎት ነው። ሻወር ወስዳችሁ ስትወጡ ክፍሉ 25 ዲግሪ ሞቆ ከሆነ ያ አየር እስከ 23 ግራም ድረስ ይዟል። መስኮቱን ስትከፍቱ 23 ግራሙ ይወጣል፣ 9 ግራሙ ይገባል። የደብረ ማርቆስም የእንጅባራም የሐምሌ ሌሊት እርጥብ ይሁን እንጂ ከሻወራችሁ እንፋሎት ጋር ሲተያይ ደረቅ ነው። ካልከፈታችሁ ያ ሁሉ እንፋሎት ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ላብ ሆኖ ይቀራል። መሶቡ አላበው ማለት ነው።

ባሕር ዳር ትንሽ ይለያል። 1,800 ሜትር አካባቢ ነው፣ ሞቅ ይላል፣ ጣናም አጠገቡ ነው። ውጭና ውስጥ ያን ያህል አይራራቁም። እዚያ መስኮት መክፈቱ ብቻ ላያደርቅ ይችላል፤ ንፋስ እንዲያልፍ ትይዩ ያለውን በርም መክፈት ወይም ወደ ውጭ የሚያወጣ ቬንትሌተር ማስገጠም ያስፈልጋል። ቬንትሌተሩ አየሩን ኮርኒስ ውስጥ የሚተፋ ከሆነ ችግሩን ከፍ ወዳለ ቦታ ወስዳችሁታል። እስከ ውጭው ግድግዳ ድረስ ቱቦ ይኑረው።

ከታጠባችሁ በኋላ እንዲህ አድርጉ። ግድግዳውንና ወለሉን በጎማ መጥረጊያ ወደ ፍሳሹ አውርዱ። ሁለት ደቂቃ ነው። በዚህች ሁለት ደቂቃ የምትገፉት ውሃ በኋላ ተንኖ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ነው። ከዚያ መስኮቱን ክፈቱ፣ ወደ መኝታ የሚወስደውን በር ዝጉ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ቀን ላይ ዝናቡ ረፍ ብሎ ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ በሩንም መስኮቱንም በርግዱት።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ብዙዎቻችን ሻወር ቤት ውስጥ በርሜል አለን። ክደኑት። ክፍት በርሜል ቀን ከሌት ይተናል። ከግድግዳውም አርቁት፤ ከጀርባው አየር ካላለፈ መጀመሪያ የሚሻግተው እዚያ ነው። የታጠበ ጋቢ ሻወር ቤት ውስጥ አታስጡ። አንድ ጋቢ ስንት ውሃ እንደሚይዝ የጨመቀው ያውቃል፤ ያ ሁሉ ውሃ ወደ ግድግዳችሁ ይሄዳል። ዝናብ የማይነካው በረንዳ ላይ ንፋስ ይሻለዋል። ወለሉ ላይ ውሃ የሚቋጥር ጎድጓዳ ካለ በስሚንቶ አስተካክሉት፣ ውሃው ሁሉ ወደ ፍሳሹ ይውረድ።

ከሰል አታስገቡ

ክፍሉ አልደርቅ ሲል ከሰል አቀጣጥሎ ሻወር ቤት ውስጥ መዝጋት የተለመደ ነው። ልጆች ሲታጠቡ እንዳይበርዳቸው ብሎ የሚያስገባም አለ። እባካችሁ ይቅር። ከሰል ጭሱ ባይታይም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ ሰው ሳያውቀው ያደክመዋል፣ ይገድለዋል። ጠባብ የተዘጋ ክፍል ደግሞ ቶሎ ይሞላል። የኤሌክትሪክ ሂተርም እርጥብ ወለል ላይ አይቀመጥ። ዕጣንና ወይራ ሽታውን ይሸፍናሉ እንጂ ሻጋታውን አይነኩትም። ክፍሉን የሚያደርቀው ንፋስ ነው።

በየወሩ ምን እንሥራ

ሚያዝያና ግንቦት ላይ ጣሪያ ውጡ። የላላ ሚስማር አጥብቁ፣ ዙሪያውን ሬንጅ ቀቡ። አሸንዳውን ከቅጠልና ከጭቃ አጽዱ፣ መገጣጠሚያውን ፈትሹ። ግድግዳው ሥር ያለው አፈር ወደ ውጭ የሚያዘነብል ይሁን። ጠጠር ብትደፉበት ዝናቡ ግድግዳው ላይ ጭቃ አያነጥርም።

ከሰኔ እስከ መስከረም አታሳድሱ፤ አድርቁ ብቻ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቅዳሜ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጥጎቹን በሳሙና ውሃ ጥረጉ። ሳሙናና እድፍ ሳይከመር የሚታጠብ ግድግዳ ለሻጋታ የሚበላ አያስቀርም። አዲስ ነጥብ ካያችሁ በዚያው ቀን አስለቅቁት፤ አንድ ጣት የምታህለውን ማስለቀቅ የደቂቃ ሥራ ናት።

ለእንቁጣጣሽ ቤት መቀባት ባህላችን ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ሳሎኑን ቀቡ። ሻወር ቤቱን ግን እስከ ኅዳር አቆዩት። ጳጉሜን ላይ ግድግዳው ሦስት ወር የጠጣውን ውሃ ገና አላወጣም። ጥቅምት ነፋሱና ፀሐዩ ያወጡለታል። በፌስታሉ ፈትናችሁ ደረቅ ሆኖ ሲገኝ ቀቡት።

ከሴራሚክ በላይ ላለው ግድግዳ እኔ የምመርጠው ኖራ ነው። ርካሽ ነው፣ ግድግዳውን አያፍነውም፣ በጣም አልካላይን ስለሆነም ሻጋታ አይመቸውም። በውሃ የቆየ ኖራ አቅጥናችሁ በሁለት በሦስት ዙር ቀቡት፤ ቀድሞ በዘይት ቀለም በተቀባ ላይ አይያዝምና ቀለሙ አስቀድሞ ይፋቅ። ኖራ ዓይን ያቃጥላል፣ እጅ ይልጣል። መነጽርና ጓንት አትርሱ፣ ልጆችን አርቁ። ውጤቱ ለዘላለም አይቆይም። በዓመት ወይም በሁለት ዓመት አንዴ መልሶ መቀባት ነው።

ቤተሰብ ውስጥ ማሳልና ማነጠስ ከቀጠለ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ካለ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ስትሄዱም ቤታችሁ ሻጋታ እንዳለበት ንገሩት። ሐኪሙ ካልሰማው ላይጠይቃችሁ ይችላል። የእህቴ ልጅ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ የጠዋት ሳሏ ቀርቶላታል።

ተከራይ ከሆናችሁ ከአከራያችሁ ጋር መነጋገር ይጠበቅባችኋል። ጣሪያና አሸንዳ የቤቱ ናቸው፤ መስኮት መክፈትና መጥረግ የነዋሪው። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአከራዬ ሳልነግር የቆየሁት «ቤቴን ሳትጠነቀቅ አበላሸችው» ይሉኛል ብዬ ፈርቼ ነው። ያን ቀን ግን ዝናቡ ሳያባራ በራቸውን አንኳኳሁ።

«እትዬ፣ አንዴ ከጀርባ መጥተው ይዩልኝ።»

ጃንጥላቸውን ይዘው ወጡ። ውሃው ከአሸንዳው ተምዘግዝጎ ግድግዳው ላይ ሲወርድ ቆመው አዩት።

«ውይ ልጄ፣ ይሄማ ቤቱን ሊያፈርሰው ነው፤ እስከ ዛሬ እንዴት ሳትነግሪኝ!» አሉ። በማግስቱ አሸንዳ ሠሪው መጣ።